እንግዳውን ሥራ ስጡት

የናይሮቢ መሃል ከተማ ሰው የሚቀጣጠርበት ቦታ የታወቀ ነው፤ ሞይ ጎዳና፣ የብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ ደጃፍ። ከኢስሊ በ6 ወይም በ9 ቁጥር ማታቱ (ሚኒባስ) የመጣውም፣ ከሀርሊንግሃም በ46 የመጣውም የሚወርደው ከዚያ ብዙ ሳይርቅ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት እዚያ ቆመው ሰው ከሚጠብቁት መካከል ሐበሾች አይጠፉም። ሲሟሉ ወደ ምግብ ቤት ወይም ወደ አንዳቸው ቤት ይሄዳሉ፤ ቡና ይፈላል፣ እቁብ ይጣላል፣ ሲሳቅ ይመሻል። ይህን የምጽፈው ከእነሱ ጎን አዲስ ለሚቆመው ሰው ነው፤ ለእነሱ ደግሞ ይበልጡን።

አዲሱ ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። እነዚህ ወዳጅነቶች በጨዋታ ብቻ አልተሠሩም። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ ብዙ ኢትዮጵያዊ በሞያሌ በኩል ኬንያ ገብቷል፤ በ1984 ዓ.ም. በተከፈተው የካኩማ የስደተኞች መጠለያ የከረመም አለ። ከዚያ ወዲህም በየጊዜው የመጣው ብዙ ነው። ኪራይ ሲጎድል አንዱ ለአንዱ ሞልቷል፣ ፖሊስ የያዘውን ለማስፈታት በሌሊት ተሯሩጧል፣ የሞተን ሰው አስከሬን ለአገሩ አፈር ለማብቃት ገንዘብ አዋጥቷል። ዛሬ የሚመጣው ደግሞ ከቦሌ ተነሥቶ ሁለት ሰዓት ያህል በርሮ ለሥራ፣ ለንግድ ወይም ለትምህርት የሚያርፍ ሊሆን ይችላል። አንዱ ሁለት ቃል ጣል ሲያደርግ ሁሉም በሳቅ ሲፈርሱ እሱ ብቻ ዝም ይላል፤ በእሱ የተሳቀ መስሎትም ይከፋዋል። የሳቁ ምክንያት ምናልባት ከአሥር ዓመት በፊት አብረው ያደሩበት ፖሊስ ጣቢያ ነው። ስለዚህ ወንድሜ፣ እህቴ፣ አይክፋችሁ። "እስቲ ንገሩኝ" በሉ። ሰው ያለፈበትን ሲጠየቅ ደስ ይለዋል።

ትልቁን እንቅፋት የሚያመጣው ግን ራሱ እንግዳ አክባሪነታችን ነው። አዲስ ሰው ሲመጣ ጥሩው ወንበር ይለቀቅለታል፣ አቦሉ ቀድሞ ይቀዳለታል፣ ጉርሻው ይደራረብበታል። ሲኒ ላንሣ ቢል "ኧረ ተቀመጥ፣ አንተ እንግዳ ነህ!" ይባላል። የመጀመሪያው ቀን ይህ ደግ ነገር ነው። ወሩ አልቆ ሦስተኛው ወር ሲገባም እንደዚያው ከተባለ ግን አክብሮቱ አጥር ሆኗል። የተቀመጠ ሰው ይመረቃል፣ ይመሰገናል፣ ከዚያም ይረሳል። ሲቀር ማንም አይደውልለትም፤ በመቅረቱ የጎደለ ሥራ የለምና።

የአገሩ ሰዎች በስዋሂሊ "ምጌኒ ሲኩ ምቢሊ፣ ሲኩ ያ ታቱ ምፔ ጄምቤ" ይላሉ፤ እንግዳ ሁለት ቀን ነው፣ በሦስተኛው ቀን መቆፈሪያ ስጠው ማለት ነው። የታንዛኒያው መሪ ጁሊየስ ኔሬሬ በ1962 እ.ኤ.አ. ኡጃማ ስላሉት የአፍሪካ ሶሻሊዝም በጻፉት ጽሑፍ ይህን ተረት ያነሡት ሥራን ሁሉም እኩል እንዲካፈል ለማስተማር ነበር። እኔ ለወዳጅነትም እወስደዋለሁ። መቆፈሪያ የተሰጠው ሰው ከቤቱ ሰዎች ተቆጥሯል።

እንግዲህ አዲስ ገቢ የሆንክ፣ ሥራውን ጠይቅ። "ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት" እንዳትባል ግን ከትንሹ ጀምር። ሲኒ ማጠብ፣ የቀረውን ሰው ደውሎ መጠየቅ፣ የታመመውን ሄዶ ማየት ማንንም አያስቀይምም። በመጀመሪያው ቀን የሁሉንም ሒሳብ ለመክፈል ከአስተናጋጁ ጋር አትታገል። ከአቅም በላይ የተከፈለ ሒሳብ ሌላውን ባለዕዳ ያደርገዋል፤ አንተንም በሚቀጥለው ሳምንት ያስቀርሃል። ድርሻህን በኤም ፔሳ ላክና ተጨዋወት። እቁብ ከገባህም ዋስህን ይዘህ ግባ፤ ዕጣው ቶሎ ይድረሰኝ ብለህ አትለምን፤ አምነውህ የሚያበድሩህ በየጊዜው ስትጥል አይተውህ ነውና።

አፍን መጠበቅ ከሁሉም ይከብዳል። "ኬዝህ የት ደረሰ?" የሚባል ጥያቄ ናይሮቢ ውስጥ እንደ ቀላል ይጠየቃል፤ የስደተኝነት ጉዳዩን መልስ ዓመታት ሲጠብቅ ለኖረ ሰው ግን ቁስል መንካት ነው። ራሱ እስኪያነሣው ተወው። ብሔሩንም አትጠይቅ። የአገር ቤቱን ፖለቲካ ይዘህ ገብተህ ማን ከማን ጋር እንደሆነ ለመለየት አትሞክር፤ እዚያ ቤት በብዙ ትዕግሥት ተዳፍኖ የኖረ እሳት ሊኖር ይችላል። ሁለት የቆዩ ጓደኛሞች ከተኳረፉ አንዱን ለብቻ ይዘህ ወሬ አትቀበል። ነገ እነሱ ይታረቃሉ፤ ወሬ ተቀባዩ ግን ከሁለቱም ይጣላል።

እናንተ የቆያችሁት ደግሞ በሩ ክፍት ነው ማለት ብቻ አይበቃም። ለአዲሱ ሰው የሚደውል አንድ ሰው በስም መድቡ፤ "ሁላችንም አለንለት" ሲባል ማንም አይደውልም። ጨዋታው ወደ ድሮ ሲሄድ አንዳችሁ ጎንበስ ብላችሁ ታሪኩን ከሥሩ ንገሩት። በኦሮምኛ ወይም በስዋሂሊ ስትቀጥሉ መከተል አለመከተሉን ዓይኑን አይታችሁ ለዩ። የአንዳችሁ ኬንያዊት ሚስት ወይም የሥራ ባልደረባ አብሮ ሲቀመጥም እንዲሁ። እነሱ ቻማ የሚሉት የቁጠባ ማኅበር ከእቁባችን ጋር የቅርብ ዘመድ ስለሆነ የሚያወሩት አያጡም፤ የሚጎድለው የሚጠይቃቸው ሰው ነው።

አንዳንዱ ስብስብ በእውነት ቦታ የሌለው ሊሆን ይችላል። ጥቂት ወራት ሠርተህ፣ ደውለህ፣ ተገኝተህ ማንም ካልደወለልህ በቂም ሳይሆን በሰላምታ ውጣ፤ ናይሮቢ ሰፊ ናት። ያንን ከመወሰንህ በፊት ግን አንድ ነገር በግልጽ ጠይቃቸው፤ "ከሚመጣው ወር ጀምሮ የእቁቡን መዝገብ እኔ ልያዝ?" በላቸው። እናንተም ይህን ስትሰሙ "ተቀመጥ" አትበሉት፤ ደብተሩን ስጡት።