በደም ሳይዛመዱ ቤተሰብ የሆኑትን ስለ መውደድ

ልቦችን በርኅራኄ ላስተሳሰረ፥ ወላጅ የሌለውን በሌላ ሰው እቅፍ ላሳደገ ለአላህ ምስጋና ይገባው። ሰላትና ሰላም አባታቸውን ሳያዩ፥ እናታቸውንም በስድስት ዓመታቸው አጥተው ባደጉት በነቢያችን በሙሐመድ፥ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

ከዚህ በኋላ፥ የአላህ ባሮች ሆይ፤ ዝምድናን ቀጥሉ በተባለ ጊዜ ብዙ ሰው የሚያስበው የሥጋ ዘመዱን ብቻ ነው። የጡት እናቱን፥ የእንጀራ እናቱን፥ የሚስቱን እናት እንደ ባዕድ ይቆጥራል። ሸሪዓው ግን ባዕድ አላደረጋቸውም። በሱረቱ አን-ኒሳእ 22ኛና 23ኛ አንቀጾች አላህ ለጋብቻ እርም ካደረጋቸው ሴቶች መካከል ያጠባችህን፥ ካንተ ጋር አንድ ጡት የጠባችውን፥ የአባትህን ሚስትና የሚስትህን እናት ቆጥሯል፤ ከወለደችህ እናትና ከእኅትህ ጋርም በአንድ ተርታ አቁሟቸዋል።

እስቲ የነቢዩን ቤት ተመልከቱ። እናታቸው አሚና በጉዞ ላይ ሳለች በአብዋእ በሞተች ጊዜ፥ ሕፃኑን ይዛ ወደ መካ የመለሰችው ከአባቱ በውርስ የቀረችለት በረካ የተባለች የሐበሻ ተወላጅ ባሪያ ነበረች፤ በኋላ ኡሙ አይመን ተብላ የታወቀችው ናት። ሲያድጉ ነጻ አወጧት፥ እናቴም ይሏት ነበር። አነስ እንዳወራው አንድ ቀን ሊጠይቋት ሄደው የሚጠጣ አቀረበችላቸው፤ እርሳቸውም ጾመኛ ሆነው ወይም ሳያሰኛቸው ቀርቶ ባይጠጡላት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተቆጣች። በአላህ መልእክተኛ ፊት እንዲህ የሚደፍር ማን ነው? በልጅነት ያጎረሰች ካልሆነች በቀር ማንም አይደለም።

ምናልባት አንዱ፦ አላህ የሰውን ልጅ ልጄ ማለትን ሽሮ የለምን? ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ ዘይድ ኢብን ሐሪሳ የሙሐመድ ልጅ ይባል ነበር፤ የሱረቱ አል-አሕዛብ 5ኛ አንቀጽ በወረደ ጊዜ ስሙ ወደ ወላጅ አባቱ ተመለሰ። የተሻረው የትውልድ ስም ነው፤ መውደድን የከለከለ አንቀጽ ግን የለም። ዘይድ በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ፥ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ629፥ የጦር አለቃ ሆኖ በሙእታ በተገደለ ጊዜ ነቢዩ መርዶውን የተናገሩት ዓይኖቻቸው እንባ እያፈሰሱ ነበር። ከኡሙ አይመን የወለደውን ኡሳማንም በአንድ ጭናቸው፥ የልጃቸውን ልጅ ሐሰንን በሌላው ጭናቸው ያስቀምጡ ነበር።

ስለዚህ አንተ የሰው ልጅ የምታሳድግ ሆይ፤ የወላጅ አባቱን ስም አትደብቅበት። ውርስ በሕግ አይደርሰውም፤ ነገር ግን ከሀብትህ እስከ ሲሶ ድረስ ልትናዘዝለት ተፈቅዶልሃል። እወደዋለሁ እያልህ ሳትናዘዝ ብትሞትና ወራሾችህ በማግሥቱ ከቤት ቢያወጡት፥ ያ ፍቅር ምን ጠቀመው? ይህን ደግሞ ብዙ ጊዜ አይተናል።

ነቢዩ ከሞቱ በኋላ አቡ በክር ዑመርን፥ እርሳቸው ይጠይቋት እንደ ነበር እኛም ኡሙ አይመንን እንጠይቅ፥ አለው። ሲደርሱ አለቀሰች። በአላህ ዘንድ ያለው እንደሚሻላቸው ቢነግሯት፥ ይህን እንደምታውቅ፥ የምታለቅሰውም ከሰማይ ይወርድ የነበረው ራእይ ስለ ተቋረጠ እንደ ሆነ መለሰችላቸው። ሁለቱም ከእርሷ ጋር ያለቅሱ ጀመር።