ስለ እሺታና ስለ እምቢታ

«እሺ ይበልጣል ከሺህ» የሚለው ያባቶቻችን ተረት ትሕትናን ያስተምራል። ነገር ግን ሰው ሁሉ በአንድ ቃል ሆኖ ወደ አንድ ነገር ሲያስገድደን፥ እሺታችን ትሕትና ነውን ወይስ ፍርሃት? እምቢታችንስ ሃይማኖት ነውን ወይስ ትዕቢት? ከውጭ ለሚያያቸው ስለሚመሳሰሉ፥ መለየቱ ብዙ ሰው ያስቸግራል።

ለዚህ ጥያቄ የሐዋርያው የቅዱስ ጳውሎስ ሥራ መልካም መምህር ነው። በልስጥራን ሳለ በዚያ አገር ስለ ነበሩት አይሁድ ብሎ ጢሞቴዎስን ገረዘው፤ ቲቶ ይገረዝ ዘንድ ባስገደዱት ጊዜ ግን ከቶ እሺ አላለም። ሰውየው አንድ፥ ነገሩም ያው ግዝረት ሲሆን ስለ ምን ተለያየ? በጢሞቴዎስ ጊዜ የተተወው የገዛ ነጻነታቸው ነው፤ ይኸውም ወንጌል ወደ አይሁድ እንዲደርስ ነው። በቲቶ ጊዜ እሺ ብሎ ቢሆን ኖሮ ግን፥ ከአሕዛብ ወገን ባመኑት ሁሉ ላይ፥ በዚያ ጉባኤ ባልነበሩትም ላይ ሳይቀር፥ ቀንበር ይጫን ነበር። እንግዲህ ሰው የራሱን ቢተው ትሕትና ነው፤ የሌላውን አሳልፎ ቢሰጥ ግን ትሕትና አይባልም።

ጲላጦስ የጌታችንን ንጽሕና እያወቀ የሕዝቡን ጩኸት ፈርቶ ፈረደ፥ እጁንም ታጠበ። የእሺታውን ዋጋ የተቀበለው ግን ንጹሑ ነው። በ1928 ዓመተ ምሕረት በሐምሌ ወር በአዲስ አበባ፥ የኢጣሊያ ሹማምንት አርበኞችን ያወግዙ ዘንድ ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስን በጠየቋቸው ጊዜ እምቢ አሉ፤ በጥይትም ተገደሉ። እሺ ብለው ቢሆን ዋጋው በዱር በገደል ባለው አርበኛ ላይ በወደቀ ነበር፤ እርሳቸው ግን በራሳቸው ላይ አደረጉት።

ለብዙዎቻችን ከጠመንጃ ይልቅ የሚከብደው የወዳጅ ልመና ነው። ስለ መሬት ወሰን የተካሰሰ ዘመድ መጥቶ «ደምህ አይደለሁምን? አንተ ካልመሰከርህልኝ ማን ይመሰክርልኛል?» ይላል፤ ሽማግሌው ይቈጣል፥ እናት ታለቅሳለች። በዚያ ሰዓት ከመካከላችን የሌለችውን፥ ወሰኗ የሚገፋባትን መበለት ማሰብ ይገባል። የሐሰት እሺታችንን ዋጋ የምትከፍለው እርሷ ናትና።

እውነት መናገር ግን ለቍጣና ለስድብ ምክንያት አይሆንም። እምቢታውም ትዕቢት እንዳይሆን ሰው ልቡን ይመርምር፥ ከንስሐ አባቱም ይማከር። ለዘመዱም፦ «ለዕርቅ አብሬህ እሄዳለሁ፤ ካሣ ቢያስፈልግህም ከገንዘቤ እሰጥሃለሁ፤ የመበለቲቱ መሬት ግን የእኔ አይደለምና ልሰጥህ አልችልም» ይበለው። እንዲህ ያለው ሰው በአንድ አፍ እሺም እምቢም ብሏል።

የራሳችንን በደስታ እንድንለቅ፥ የሌላውንም በታማኝነት እንድንጠብቅ እግዚአብሔር ማስተዋሉን ያድለን።