ሐኪም በማርክ ይመረጣልን?

ሰው ሕይወቱን ለሌላ ሰው እጅ አሳልፎ ከሚሰጥባቸው ስፍራዎች አንዱ ሐኪም ቤት ነው። ስለዚህ ሐኪም ለመሆን የሚገባው ማን ነው የሚለው ጥያቄ የትምህርት ቤቶች ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የፍርድና የሕሊናም ጉዳይ ነው። ዛሬ በብዙ አገሮች ለዚህ ጥያቄ በመጀመሪያ መልስ የሚሰጠው ቍጥር ነው፤ ይኸውም ተማሪው ቀድሞ በትምህርቱ ያገኘው ማርክ ነው። ቍጥር በሰው ዕድል ላይ ይህን ያህል ሥልጣን ሊኖረው ይገባልን? ጥቂት እንመርምር።

ነገሩ ጎልቶ የሚታየው በአሜሪካ ነው። በዚያ አገር ሐኪም ለመሆን የሚሻ ወጣት አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ አራት ዓመት በኮሌጅ ተምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ይቀበላል፤ ለሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ የተዘጋጀውንም ፈተና ይፈተናል። ኤም. ዲ. የተባለውን ዲግሪ የሚሰጡት ትምህርት ቤቶች አብዛኞቹ በሚገለገሉበት የጋራ ማመልከቻ ላይ የባዮሎጂ፥ የኬሚስትሪ፥ የፊዚክስና የሒሳብ ማርክ ለብቻው ተለይቶ ይሰላል፤ ተማሪው የደገመው ትምህርት ቢኖር ፊተኛውም ኋለኛውም ውጤት ይቈጠራል። እ.ኤ.አ. በ2023 ዓ.ም. ወደ እነዚህ ትምህርት ቤቶች ከ52 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች አመልክተው የገቡት 23 ሺህ ያህል ነበሩ፤ የገቡትም ሰዎች አማካይ ነጥብ ከ4 ላይ 3.77 ገደማ ነበር። እንግዲህ በ18 ዓመቱ ከቤቱ ርቆ የመጀመሪያውን የኮሌጅ ዓመት በድንጋጤ ያሳለፈ ልጅ ያችን ዓመት እስከ ማመልከቻው ቀን ድረስ ተሸክሟት ይኖራል ማለት ነው።

ለማርክ የሚሟገት ሰው ብርቱ ምክንያት አለው። ማርክ ፊት አያይም፤ የአባትን ስም አይጠይቅም፤ አማላጅ አይቀበልም። የድሀ ልጅ ከባለጸጋ ልጅ ጋር በድፍረት ሊቆም የሚችለው ሚዛኑ ለሁሉ አንድ ሲሆን ነው። ደግሞም ኬሚስትሪ ያቃተው ሰው የመድኃኒትን ጠባይና መጠን ጠንቅቆ ያውቃል ብሎ ማመን ያስቸግራል። በሽተኛው የሚፈልገው ደግ ልብ ብቻ አይደለም፤ ዕውቀት የሌለው ርኅራኄ ራሱ ሊገድል ይችላል።

ነገር ግን ቁና የእህሉን ብዛት ይናገራል እንጂ ዘሩ መብቀሉን አይናገርም። ማርክም ተማሪው የተማረውን ምን ያህል እንደ ያዘ ይመሰክራል እንጂ፥ ሌሊት በታማሚ አልጋ አጠገብ ሳይሰለች መቆሙን ወይም ስሕተቱን ሳይሸሽግ መናገሩን አይመሰክርም። ማታ ማታ እየሠራ ቤተ ሰቡን እየረዳ 3.5 ያገኘውንና ሁሉ ተሟልቶለት 3.8 ያገኘውን ቍጥሩ ብቻውን በትክክል ሊያመዛዝናቸው አይችልም።

«እንግዲያስ ፊት ለፊት አነጋግሮ መምረጥ ይሻላል» የሚል ይኖር ይሆናል። ይህም ቢሆን ፍጹም ሚዛን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1979 ዓ.ም. በቴክሳስ፥ በሂዩስተን ከተማ ያለው የዩኒቨርሲቲው የሕክምና ትምህርት ቤት 150 ተማሪዎች ከመረጠ በኋላ፥ 50 ተጨማሪ እንዲቀበል በሕግ አውጪው ምክር ቤት ታዘዘ። በዚያ ሰዓት የቀሩት ከቃለ መጠይቅ በኋላ ዝቅ ያለ ተራ የተሰጣቸው ስለ ነበሩ ተጨማሪዎቹ ከእነርሱ ተወሰዱ። ዳሩ ግን በትምህርታቸውም፥ በበሽተኞች ዘንድ በሠሩት ሥራም፥ ከምረቃ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ዓመትም ከፊተኞቹ የሚያሳንሳቸው ነገር አልተገኘም። ከዚህ የምንማረው፥ ለትምህርቱ ከሚበቁት ሰዎች መካከል ጥቃቅን ልዩነት እየለቀሙ «ይህ የተገባው፥ ያ ያልተገባው ነው» ማለት ከዕውቀት በላይ መፍረድ መሆኑን ነው።

የኔዘርላንድ ሰዎች ይህን የሰው ፍርድ ጉድለት በሌላ መንገድ ሊያልፉት ሞክረዋል። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ዓመታት ጀምሮ የሕክምና ተማሪዎችን በዕጣ ይመርጡ ነበር፤ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱ ከፍ ያለ ነጥብ ላገኘ ሰው ዕጣ የመውጣቱ ዕድል ይበዛለት ነበር። በ2017 ዓ.ም. ዕጣው ቀረ፤ በ2023 ዓ.ም. ግን ትምህርት ቤቶች ቢሹ እንዲጠቀሙበት እንደ ገና ተፈቀደ። ዕጣ ትጉህ ተማሪን ያስቈጣል፤ ሆኖም አንድ እውነት ይናገራል፤ ይኸውም ያልተመረጠ ሰው ሁሉ የማይረባ ሰው አለመሆኑን ነው።

ጥያቄው ለእኛም ሩቅ አይደለም። በአገራችን በ2004 ዓ.ም. የሳይንስ ዲግሪ ያላቸውን ሰዎች ተቀብሎ ሐኪም የሚያደርግ አዲስ የትምህርት መንገድ በ13 ተቋሞች ተጀምሮ ነበርና።

እንደ እኛ አስተያየት ማርክ የበሩ ደፍ ሊሆን ይገባል እንጂ የዳኛው ወንበር ሊሆን አይገባም። ደፉን ያልተሻገረ ሰው በሽተኛን ለአደጋ ስለሚያጋልጥ ሊራሩለት አይገባም። ደፉን በተሻገሩት መካከል ግን ትዕግሥትን፥ ታማኝነትንና የመጡበትን መንገድ አስቀድሞ በተነገረ፥ ለሁሉም እኩል በሆነ ሥርዓት መመርመር የመራጮች ግዴታ ነው። ተማሪውም ማርኩን አይናቅ፤ የትጋቱ ምስክር ነውና፤ ነገር ግን ምስክሩን ዳኛ አድርጎ በራሱ ላይ አይሹም። በስም ዝርዝር ላይ የሚፈርም ባለሥልጣንም «ቍጥሩ ፈረደ» ብሎ ከኀላፊነት አይሽሽ፤ ቍጥር አይፈርድም፤ የሚፈርደው ብዕሩን የያዘው ሰው ነው።