ሥዕሉ ተሸጠ፤ ማየቱስ?

ባለፈው ሰሞን አምስት ሆነን አንድ የሥዕል ጋለሪ ገብተን ነበር። ስሙ ለጉዳያችን አያስፈልግምና አንጠራውም። በሩ ክፍት ነው፤ መግቢያ አይከፈልም፤ ዘበኛውም «ግቡ፣ ግቡ» ብሎ ተቀበለን። ማንም የከለከለን አልነበረም። ይሁን እንጂ ደረጃውን ስንወጣ ሁላችንም ድምፃችንን ዝቅ አደረግን፤ አንዳችን እንዲያውም ጫማውን በሱሪው ጠረገ። ሳንጠራ ሰው ቤት የገባን መሰለን።

ውስጥ ከገባን በኋላ ያደረግነውን ሳንደብቅ መናገር አለብን። ጠረጴዛ ላይ የሥዕሎቹ ዝርዝር ከነዋጋቸው ተቀምጦ ነበር። ግድግዳውን ሳናይ ወደ ወረቀቱ ሄድን። «ኧረ! ይሄ የስንት ዓመት የቤት ኪራይ ነው?» አለ አንዱ። ቀና ብለን ሥዕሎቹን የተመለከትነው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያውም ውዱን ከርካሹ እየለየን። ከአንዱ ሥዕል አጠገብ ትንሽ ቀይ ነጥብ ተለጥፋለች። ተሽጧል ማለት ነው። እዚያ ሥዕል ዘንድ ከሌሎቹ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ቆምን፤ ግን ሥዕሉ ስቦን አይደለም፤ «ሰውዬው ምን አይቶበት ገዛው?» ለማለት ነው።

ሥዕሉ የአንዲት ጉሊት ሻጭ ነበር። ሽንኩርቷንና ቲማቲሟን በመደብ በመደብ ደርድራ፣ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባ፣ ወደማናየው መንገድ ታያለች። ከመካከላችን የአንዱ እናት ጉሊት ውለው ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት። ጓደኛችን እዚያ ምንም አልተናገረም። ከወጣን በኋላ ግን «እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ጉሊት ብትውል የዚህን ሥዕል ዋጋ አታገኝም። የሷ ፊት ግን ተሸጠ» አለን።

በዚህ ነገር ሻይ ቤት ቁጭ ብለን እስኪመሽ ተከራከርን። ጥያቄው ይህ ነው፦ የድኻን መልክ ሥሎ ለባለጠጋ መሸጥ ተገቢ ነውን? ተገቢ ከሆነስ ገዢው የሚገዛው ምኑን ነው?

በ1960ዎቹ በዚህ ግቢ የነበሩ ታላላቆቻችን «ጥበብ ለጥበብ ወይስ ጥበብ ለኅብረተሰብ?» እያሉ ሲከራከሩ እንደኖሩ እናውቃለን። ለእነሱ መልሱ ቀላል ሳይሆን አልቀረም፤ ጥበብ የሰፊው ሕዝብ ናት፤ ሻጩም ገዢውም ተወቃሽ ናቸው። እኛ ግን እንዲህ ብለን ለመቀመጥ አልቻልንም። ለምን ቢሉ፣ ሠዓሊም ይበላል። ሸራውና ቀለሙ ይገዛል፤ ልጁ ትምህርት ቤት ይከፈልለታል። በ1950 ዓ.ም. በአለ ፈለገ ሰላም የተመሠረተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ ሠዓሊ ያስመርቃል። ተመራቂው በምን ይኑር? ሥዕሉን አትሽጥ ማለት ቀለሙን ጣል ማለት ነው።

ጋለሪውም ቢሆን በደፈናው «ነጋዴ» ተብሎ የሚሰደብ አይደለም። በብዙ አገር የተለመደው ውል ከሽያጩ ግማሽ ያህሉን ለጋለሪው ይሰጣል። ይህን ስንሰማ መጀመሪያ ደነገጥን። ኋላ ስናሰላው ግን ኪራዩ፣ ኅትመቱ፣ መብራቱ፣ ማጓጓዣው፣ ለማይሸጥ ሥዕል የሚጠበቀው ወር ሁሉ ከዚያው ግማሽ የሚወጣ ነው። ጥሩ ጋለሪ ሠዓሊውን ከአገር አገር ያስተዋውቃል። ለምሳሌ ታደሰ መስፍን በዚያው ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት ሲያስተምሩ የኖሩ ሠዓሊ ናቸው። «የሕይወት ምሰሶዎች» በሚለው ተከታታይ ሥራቸው የሣሉት በየከተማው ጥቂት ሸቀጥ ይዘው ገበያ የሚውሉትን ሴቶች ነው። ሴቶቹ ረጃጅም ሆነው፣ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። እነዚህን ሥዕሎች ለውጭው ዓለም ያሳየው እ.ኤ.አ. በ2016 አዲስ አበባ ውስጥ የተከፈተው አዲስ ፋይን አርት ነው፤ ለንደንም ድረስ ወስዷቸዋል። በመንገድ ስናልፍ «ቀንሺ እንጂ!» ብለን የምንጨቀጭቃትን ሴት ምሰሶ ብሎ የጠራት ሠዓሊ፣ ክብሯን ሸጠ ወይስ ክብሯን መለሰላት? መለሰላት እንላለን። ስለዚህ በሽያጩ ብቻ ማንንም አንወቅስም።

ታዲያ ጓደኛችንን ያንገበገበው ምንድነው? እዚህ ላይ ቋንቋችን የሚረዳን ይመስለናል። በአማርኛ «ዋጋ» የምንለው ቃል ሦስት ነገር ተሸክሟል። አንደኛው ገበያ ላይ የሚጠራው ነው፤ «ዋጋው ስንት ነው?» እንላለን። ሁለተኛው የነገሩ ቁም ነገር ነው፤ «ይህ ምክር ትልቅ ዋጋ አለው» ስንል ገንዘብ አላሰብንም። ሦስተኛው ድካምና መሥዋዕትነት ነው፤ «ለልጆቿ ብዙ ዋጋ ከፍላለች» እንላለን። ሥዕሉ ላይ ያለችው ሴት ሦስተኛውን ከፍላለች። ሠዓሊው ሁለተኛውን አይቶባት ሣላት። ገዢው አንደኛውን ከፈለ። ሦስቱም ዋጋ ነው፤ አንዱ ግን ሌላውን አይተካም። ስሕተቱ የሚጀምረው የመጀመሪያው ሁለቱን ሲውጣቸው ነው። ይህን ስሕተት የሠራው ደግሞ ባለጋለሪው ሳይሆን እኛ ነን። ወረቀቱን ቀድመን ያነበብነው እኛ ነን።

መቼም ሥዕልን በገንዘብ ማሠራት ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። የድሮ ቤተ ክርስቲያኖቻችንን ግድግዳ ያየ ያውቀዋል፤ ከሥዕሉ ግርጌ ያሠራው ሰው ተደፍቶ ወይም እጁን ዘርግቶ፣ ከነስሙ ተሥሎ ይገኛል። የሠዓሊው ስም ግን ብዙ ጊዜ የለም። ከፋዩ ባላባት ወይም ወይዘሮ ነበሩ፤ ስማቸውን ለማስጠራትም ይሁን ለነፍሳቸው፣ የከፈሉት ለራሳቸው ነው። ይሁን እንጂ ያን ሥዕል ያየው ማን ነው? አጥቢያው ሁሉ ነው። ባላገሩም፣ እንጨት ለቃሚዋም፣ የቆሎ ተማሪውም አይቶታል። ከፋይ አንድ፣ ተመልካች ብዙ። ይህ ሥርዓት እኩልነት ነበረበት አንልም። አንድ ነገር ግን ለይቶ ያውቅ ነበር፤ መክፈል ሌላ፣ ማየት ሌላ መሆኑን።

«መንግሥት ይክፈል፤ ያኔ የሕዝብ ይሆናል» የሚልም ከመካከላችን አልጠፋም። እሱም ብቻውን መልስ አይሆንም። አፈወርቅ ተክሌ ለአፍሪካ አዳራሽ የሠሩት የመስታወት ሥዕል የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። ሥፋቱ 150 ካሬ ሜትር ያህላል፤ የሚናገረውም ስለ መላው የአፍሪካ ሕዝብ ነፃነት ነው። የግለሰብ ሳሎን ውስጥ አልገባም። የሚገኘው ግን ጥበቃ ባለበት ቅጥር ግቢ ነው። በአጠገቡ በታክሲ ስንመላለስ የኖርን ስንቶቻችን ገብተን አይተነዋል? ስድስት ኪሎ ደግሞ ከጀርመን የተመለሱት የገብረ ክርስቶስ ደስታ ሥዕሎች አሉ፤ በስማቸው በተሰየመው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማእከል። ከመኝታችን ስንት እርምጃ ነው? አምስታችን ተጠያየቅን፤ ገብቶ ያያቸው አንድ ሰው ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ እሱም ዝናብ ሊያስጠልል የገባ ነው። አፈርን።

በሌላ በኩል ገንዘቡ ከመጠን ሲያልፍ የሚሆነውንም ማየት አለብን። ጁሊ ምሕረቱ እ.ኤ.አ. በ1970 አዲስ አበባ ተወልዳ በልጅነቷ ከአገር የወጣች ሠዓሊ ናት። በኅዳር 2023 እ.ኤ.አ. አንድ ሥዕሏ ኒው ዮርክ ውስጥ በጨረታ ወደ 10.7 ሚሊዮን ዶላር ወጣ። እንዲህ ባለ ጨረታ ገንዘቡ የሚገባው ሥዕሉን ቀድሞ ለገዛው ሰው እንጂ ለሠራው አይደለም። ወሬው እኛ ጋ ሲደርስ ሁሉም የሚያወራው ስለ ሚሊዮኑ ነበር፤ ሥዕሉ ላይ ምን እንዳለ የነገረን አንድ ሰው አልተገኘም። ተስፋዬ ኡርጌሳም እ.ኤ.አ. በ2024 አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ አዳራሽ በቀረበችበት የቬኒስ ቢየናሌ ሥዕሎቹን አሳይቷል። ኮራን። ሥዕሎቹን ያየናቸው ግን በስልክ መስታወት ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይሏል ይኸው ነው።

ነገር ግን ስለ ጁሊ ምሕረቱ ከጨረታው ያነሰ የተወራ ሌላ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 ዊትኒ ለተባለው የኒው ዮርክ ሙዚየም ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰጥታለች፤ ዕድሜያቸው 25ና ከዚያ በታች የሆኑ ሁሉ ያለ ክፍያ ገብተው እንዲያዩ። ልብ በሉ፤ የዕድሜ እኩዮቻችን ናቸው። ከሥዕል የተገኘ ገንዘብ ተመልሶ ዓይን ገዛ ማለት ነው። የድሮው የግድግዳ ሥርዓት በሌላ መልክ መጣ፤ ከፋይ አንድ፣ ተመልካች ብዙ።

ሌላም መንገድ ታስቧል። እ.ኤ.አ. በ1971 ሲግላውብ የተባለ የኒው ዮርክ የሥነ ጥበብ ሰው ከአንድ ጠበቃ ጋር ሆኖ ለሠዓሊዎች የሽያጭ ውል አዘጋጅቶ በነፃ አደለ። በዚህ ውል መሠረት ሥዕሉ እንደገና በትርፍ ሲሸጥ ከጭማሪው 15 በመቶ ለሠዓሊው ይደርሳል። ከዚህ ይልቅ እኛን የማረከን ሌላው አንቀጽ ነው፤ ሠዓሊው በየ5 ዓመቱ ለ2 ወር ሥራውን ከገዢው ተውሶ ለሕዝብ ለማሳየት ይችላል። ብዙዎች አልተጠቀሙበትም፤ ገዢ ይሸሻል ብለው ፈሩ። ሐሳቡ ግን ግልጽ ነው። ሸራውን ሸጥኩልህ፤ ማየቱን ግን ጠቅልዬ አልሸጥኩልህም ነው የሚለው።

እኛም የደረስንበት ይኸው ነው። ሥዕልን ከነፍሬሙ መግዛት ይቻላል፤ ለማየት የሚገባውን ሰው ዓይን ግን ማንም ሊገዛው አይችልም። ሲሸሽጉት ዕዳ ይሆናል።

ክርክራችን በዚህ ቢያበቃ ወሬ ሆኖ በቀረ ነበር። ጓደኛችን ግን ትርኢቱ ከመዘጋቱ በፊት እናቱን ይዞ ለመምጣት ቆረጠ። «እኔ እዚያ ምን እሠራለሁ?» ብለው ነበር አሉ። በመጨረሻ ጉሊታቸውን ለጎረቤት አደራ ሰጥተው መጡ። ደረጃው ላይ እንደኛው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት አልነኩትም። ቀጥ ብለው ሄደው ከሥዕሉ ፊት ቆሙ፤ ብዙ ቆዩ። ከዚያ አስተናጋጇን «ይሄን ሠርቶ ለመጨረስ ስንት ቀን ፈጀበት?» ብለው ጠየቁ። ሁለት ወር ያህል መሆኑ ሲነገራቸው «ደክሟል፤ እጁን ይባርከው» አሉ።

ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ፊቷ ደህና ነው። እግሯን ግን ረስቶታል» አሉን። «ጉሊት የምትውል ሴት ፊቷን ምን ትሆናለች? ቁጭ ብላ ስትውል የሚያብጠው እግሯ ነው።» ዞር ብለን አየን። እውነትም ሠዓሊው እግሯን በቅርጫት ጋርዶታል። አምስት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ያን ያህል ቆመን ስንመራመር ይህን አላየንም። ወይም አይተን ምንም አልመሰለንም።

የሠዓሊው ጉዳትም እዚህ ላይ ነው። ሥራውን የሚያዩለት ገዢዎች ብቻ ከሆኑ ስለዚያች ሴት እግር ማን ይነግረዋል? ገዢው ቢያመሰግነው በቀለሙ ነው፤ ሃያሲው ቢተቸው በአሣሣሉ ነው። ስለ እግሯ የምታውቀው እሷው ናት። እሷን ያላገኘ ሥዕል ቢሸጥም ጎዶሎ ነው።

እንግዲህ ከማን ምን ይጠበቃል? ከባለጋለሪዎች፣ የተሸጠ ሥዕል ተጠቅልሎ ከመሄዱ በፊት ጥቂት ቀን እንዲታይ፣ በሩ መከፈቱ ብቻ ሳይሆን ክፍት መሆኑ ለሠፈሩ ሰው እንዲነገር ነው። ከሠዓሊዎች፣ የሣሉትን ሰው ቢያንስ አንድ ቀን ከሥዕሉ ፊት እንዲያቆሙ ነው፤ ውል ሲፈርሙም ለማሳየት የመዋስ መብታቸውን እንዳይረሱ ነው። ከእኛ የሚጠበቀው ግን ይቀላል፤ ስለዚህም ምክንያት የለንም። መሄድ ነው። ስድስት ኪሎ ያለውን ዝናብ ሳንጠብቅ ማየት ነው። ስንሄድም ብቻችንን አንሂድ፤ እናት ያለው እናቱን፣ ጎረቤት ያለው ጎረቤቱን ይዞ ይሂድ። ከገባን በኋላ ደግሞ ወረቀቱን ትተን ግድግዳውን እንይ።

በሚመጣው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኛ አምስታችን እንሄዳለን። አብሮን ሊሄድ የሚፈልግ በ8 ሰዓት በግቢው በር ላይ ያገኘናል።