የጎደለው ድምፅ

የጋራ ዜማ የማን ነው? የሚያወጣው ነው፣ የሚቀበለው ነው፣ ወይስ ካሴቱን ከፍቶ የሚያዳምጠው? ጥያቄው የሙዚቃ ብቻ አይደለም፤ የሥነ ምግባርም ጥያቄ ነው። እኔን የቀሰቀሰኝ በከሚሴ አካባቢ የተቀረጸ አንድ መንዙማ ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው በቦርከና ሸለቆ ከሚሴን ሳያይ አያልፍም። በዚያ፣ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንና በአጎራባቹ የወሎ ምድር፣ ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ ገበያ ይውላሉ፤ በአንድ ዜማም ይገናኛሉ። መንዙማ የሚባለው መንፈሳዊ ግጥም አማርኛውን፣ ኦሮምኛውንና ዐረብኛውን አስተባብሮ ይዟል። እንደ ሼኽ ጦልሃ ጃዕፈር ያሉ ሊቃውንት የአማርኛውን ቃል በዐረብኛ ፊደል፣ ማለትም በአጀሚ፣ ጽፈው አቆይተውልናል።

አዚያዜሙ ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ይመስላል። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ድቤ ይመታል፣ ይጨበጨባል። ዳሩ ግን ዜማው ዝግ ብሎ ጀምሮ እየፈጠነ ሲሄድ፣ ተቀባዩ የአውጪውን ትንፋሽ ጠብቆ፣ ሳይቀድምና ሳይዘገይ፣ የጎረቤቱንም ድምፅ ሳይውጥ መግባት አለበት። ማዳመጥ ያልቻለ መቀበል አይችልም። የጋራ ዜማ ክብደቱም፣ ክብሩም እዚህ ላይ ነው።

ከዓመታት በፊት እንዲህ ያለውን መንዙማ ለመቅረጽ ከሄዱት አንዱ ነበርሁ። የነበረን ጊዜ አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው። ከተቀባዮቹ መካከል አንድ አዛውንት ጥቂት ይዘገያሉ፤ ድምፃቸውም ይሰነጠቃል። ሦስት ጊዜ ጀምረን ሦስት ጊዜ ካቋረጥን በኋላ፣ «አባቴ፣ እርስዎ ትንሽ ይረፉ» አልኋቸው። አንዳች ሳይናገሩ ተነሥተው ከዛፉ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ቅጂው ጠራ፤ ተመሰገንበትም። በሌላ ጊዜ ካሴቱን ይዤ ስመለስ አዛውንቱ እስከ መጨረሻው አዳመጡና፣ «ግጥሙን ለልጆቹ ያስተማርሁት እኔ ነኝ፤ የኔ ድምፅ የቱ ላይ ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

«ሥራው ከሠሪው ይበልጣል፤ ለትውልድ የሚተላለፍ ነገር ጥራት ይሻል» የሚል ተከራካሪ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም። የሼኽ ሙሐመድ አወል ሐምዛ መንዙማዎች ወሎን ረግጦ የማያውቅ ሰው ጆሮ የደረሱት በቅጂ አማካይነት ነው። ሆኖም ጥራት በምን መንገድ ይገኛል? እዚህ ላይ ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ላምጣ።

እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ኤልጋር «የጀሮንትየስ ሕልም» የተባለውን ታላቅ የኅብረ ዜማ ድርሰቱን እ.ኤ.አ. ጥቅምት 3 ቀን 1900 በበርሚንግሃም ሲያሰማ መዘምራኑ ተሰናከሉ። አሠልጣኛቸው ከወራት በፊት ሞቶ ነበር፤ ድርሰቱም ዘግይቶ ነበር የደረሳቸው። ደራሲው እጅግ አዘነ። ነገር ግን ድርሰቱ አልተጣለም፤ በ1901 በጀርመን አገር፣ በዱሰልዶርፍ ከተማ፣ ተዘጋጅተው ሲያሰሙት ተከበረ። በ1945 ሙሉው ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ በሸክላ ሲቀረጽም፣ ከባዱን ሸክም የተሸከመው በ1836 የተቋቋመው የሃደርስፊልድ የመዘምራን ማኅበር ነበር። ሃደርስፊልድ የሱፍ ፋብሪካዎች ከተማ ነበረች፤ የማኅበሩም አባላት በዜማ የሚተዳደሩ ሰዎች አልነበሩም። ከባዱን ሥራ ያቀለለው ልምምድና ጊዜ ነው።

እንግዲህ የእኔ ጥፋት ጥራትን መሻቴ አልነበረም። ጊዜ የሚጠይቀውን ነገር ሰውን በማስነሣት ማሳጠሬ ነው። በካሴቱ ሽፋን ላይ «የአካባቢው ሕዝብ ዜማ» ብለን ጽፈናል፤ ያ ሕዝብ ግን የሚዘገይም፣ ድምፁ የሚሰነጠቅም፣ ያስተማረም ሽማግሌ ያለበት ሕዝብ ነው። ድምፁ ጠርቶ ምስክርነቱ የጎደለ ቅጂ ለአድማጩ ግማሽ እውነት ይነግረዋል። አንድ ሳምንት ቆይተን ቢሆን ኖሮ ወጣቶቹ ከአዛውንቱ ትንፋሽ ጋር መራመድን በተማሩ ነበር፤ የጥንቱም አዚያዜም ምናልባት ያ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ መምህራንም፣ ከያንያንም፣ የባህል ሠራተኞችም የሕዝብን ዜማ ለመቅረጽ ስንወጣ ከመቅረጫው አስቀድመን ጊዜ ይዘን እንውጣ። እኔ ያን ቀን ጊዜ አልያዝሁም ነበር፤ አዛውንቱም ዛሬ በሕይወት የሉም።