ለሕሙማን የተሰጠ ተስፋ ዕዳ ነው

የሕዝብን ገንዘብ ለታላቅ ሥራ የሚጠይቅ ሰው ለሕዝቡ ተስፋ መስጠቱ አይቀርም። ነገር ግን ሥራው መልካም ስለ ሆነ ብቻ ከሚያውቁት በላይ ተስፋ መስጠት ይገባልን?

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ የሆነውን እንመልከት። በሰው ሕዋስ ውስጥ ያለውን፣ ሦስት ቢሊዮን ያህል ፊደላት ያሉትን የዘር መልእክት ከዳር እስከ ዳር ለማንበብ ያሰቡ ሊቃውንት ከመንግሥት 3 ቢሊዮን ዶላር ጠየቁ፤ ሥራው 15 ዓመት እንደሚፈጅም ገመቱ። በትናንሽ ቤተ ሙከራዎች የሚሠሩ ብዙ ተመራማሪዎች ግን ግዙፉ ሥራ ድርሻችንን ይወስድብናል ብለው ሠጉ። ለምክር ቤቱ ጎልተው ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ፣ ከወላጅ ወደ ልጅ ለሚተላለፉ በሽታዎች ፈውስ ይገኛል የሚል ነበር። ሌላው በቴክኖሎጂ ጃፓን ትቀድመናለች የሚል ሥጋት ነበር። ገንዘቡ ተፈቀደ፤ ሥራውም በ1990 ተጀምሮ መጠናቀቁ በ2003 ተበሠረ።

የሕዝቡ ገንዘብ በከንቱ አልቀረም። በ1996 ሊቃውንቱ በቤርሙዳ ተሰብስበው ያነበቡትን በ24 ሰዓት ውስጥ ለሁሉም በነጻ ለመግለጥ ተስማሙ። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ የግል ኩባንያ ሊሽቀዳደማቸው ተነሣ፤ እነርሱ ግን በስምምነታቸው ስለ ጸኑ ዕውቀቱ የሰው ልጅ የጋራ ሀብት ሆኖ ቀረ።

ሆኖም ማወቅና መፈወስ አንድ አይደሉም። ቀይ የደም ሕዋሳትን እንደ ማጭድ የሚያጎብጠው ሲክል ሴል የተባለው በሽታ መንሥኤው ከታወቀ፣ ይኸውም ከ1950ዎቹ ጀምሮ፣ ብዙ ዘመን አልፏል። የታማሚውን የዘር መልእክት በማረም የሚሰጠው ሕክምና ግን የተፈቀደው ገና በ2023 ነው። ዋጋውም በአሜሪካ ለአንድ ሰው ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ከሕሙማኑ የሚበዙት ደግሞ በአፍሪካ ይገኛሉ።

ይህን የምንለው ምርምርን ለመንቀፍ አይደለም። ገንዘብ የሚጠይቅ ሊቅ የሚያውቀውን «አውቃለሁ»፣ ተስፋ የሚያደርገውን «ተስፋ አደርጋለሁ» ብሎ ለይቶ ይናገር። ገንዘቡን የሚፈቅድ ባለ ሥልጣንም «መቼ ይደርሳል?» ከማለት ጋር «ለማን ይደርሳል?» ብሎ ይጠይቅ። የሕሙማን ስቃይ በምክር ቤት ፊት እንደ ማስረጃ ከተጠራ በኋላ፣ ፍሬው ሲደርስ እነርሱን መርሳት ዕዳን መካድ አይደለምን?