ውሻና ድመት የሚያሳድግ ክርስቲያን አደራው እስከ ምን ድረስ ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች ሆይ! በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ስለ ጾም፣ ስለ ጸሎትና ስለ ንስሐ መጻፍ ሲገባ ስለ ውሻና ስለ ድመት መጻፍ ምን ይባላል የሚልም አይጠፋም። ነገር ግን በየደጃችን ታስሮ የሚያድር፣ በየምድጃችን ዳር የሚተኛ ፍጥረት አለ። ይህ ፍጥረት ሲራብና ሲታመም አቤት የሚልበት ከእኛ በቀር ሌላ የለውምና ነገሩ የእምነታችን ጉዳይ ነው እንላለን።

በከተማችን በየመንገዱ ዳር ቡችሎች ሲሸጡ እናያለን። ብዙ ወጣቶች በመልካቸው ተማርከው ይገዟቸዋል። ጥቂት ወራት አልፎ ቡችላው አድጎ መጮኽና ማስቸገር ሲጀምር ግን ራቅ ወዳለ ሰፈር ተወስዶ ይጣላል። ሴት ከሆነችማ የሚወስዳት ሰው ስለማይገኝ ገና ዓይኗን ሳትገልጥ በጆንያ ተቋጥራ ወንዝ ዳር ወይም ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥር ትወድቃለች። ስለዚህ ነገር የሚጠይቅም የሚጠየቅም የለም። በከንቱ ፈሶ ጠያቂ ያጣውን ደም «ደመ ከልብ» ብለን መጥራታችን ራሱ ልማዳችንን ይመሰክርብናል። የውሻ ደም ሰው ዘንድ አይጠየቅም ማለት ነው። በፈጣሪው ዘንድስ?

ቅዱሳት መጻሕፍት ምን ይላሉ?

እግዚአብሔር ሰውን በእንስሳት ላይ እንዲሠለጥን እንዳደረገው በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 1 እናነባለን። ይሁን እንጂ ይህ ሥልጣን የባለቤትነት ሳይሆን የመጋቢነት ነው። አዳም ለእንስሳት ስም እንዲያወጣላቸው ወደ እርሱ ቀረቡ እንጂ የእርሱ ፍጥረት አልሆኑም። ከጥፋት ውኃ በኋላም ጌታ ቃል ኪዳኑን የገባው ለኖኅና ለልጆቹ ብቻ ሳይሆን ከመርከብ ለወጡት ሕያዋን ሁሉ ጭምር መሆኑን ምዕራፍ 9 ደጋግሞ ይነግረናል። ቀስተ ደመናን ባየን ጊዜ ሁሉ ቃል ኪዳኑ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ ልናስታውስ ይገባል።

ሕጉም እንዲሁ ነው። በሰንበት ሰው ብቻ ሳይሆን በሬውና አህያውም እንዲያርፉ ታዝዟል። እህል የሚያበራየው በሬ አፉ እንዳይታሰር ኦሪት ዘዳግም ይከለክላል። ጠቢቡ ሰሎሞን በምሳሌ 12፥10 የጻድቅ ሰው ምልክት አድርጎ የጠቀሰው ለእንስሳው ነፍስ ማሰቡን ነው። ነቢዩ ዮናስ በነነዌ ላይ በተቆጣ ጊዜም እግዚአብሔር ለከተማይቱ የራራበትን ምክንያት ሲገልጥለት ከ120 ሺህ ከሚበልጡት ሰዎች ጋር ብዙዎቹን እንስሳት ቆጥሯቸዋል።

እንስሳን በቤት ውስጥ በፍቅር ማሳደግም ለመጽሐፍ ቅዱስ እንግዳ አይደለም። ነቢዩ ናታን ንጉሥ ዳዊትን በገሠጸበት ምሳሌ አንድ ድኻ ሰው አንዲት ጠቦት ነበረችው። ከእንጀራው ያበላት፣ ከዋንጫው ያጠጣት፣ እንደ ልጁ በብብቱ ያስተኛት ነበር። ዳዊት ታሪኩን ሲሰማ የተቆጣው ይህ ፍቅር እውነተኛ መሆኑ ስለገባው ነው። ጳጉሜን 3 ቀን በምናከብረው በቅዱስ ሩፋኤል በዓል የምናስታውሰው ጦብያም ከመልአኩ ጋር መንገድ ሲጀምር ውሻው ተከትሏቸው እንደ ሄደ በመጽሐፈ ጦቢት ተጽፏል። መልአክ ባለበት መንገድ ላይ ውሻው አልተባረረም።

ሁለት ጥያቄዎች

አንዳንድ ሰዎች፦ ውሻ ርኩስ አይደለምን? ሲሉ ይጠይቃሉ። ውሻና ድመት በኦሪቱ ሕግ ከሚበሉት እንስሳት ወገን አይደሉም፤ ወደ ቤተ መቅደስም አይገቡም። ይህ የሥርዓት ጉዳይ ነው። ሆኖም የማይበላ ማለት የተረገመ ማለት አይደለም። አንበሳም አይበላም፤ ነገር ግን የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ሥዕል ስንመለከት 60 አንበሶችና 60 ነብሮች በጻድቁ ዙሪያ ሆነው የሚያሳዩት በቅድስና ፊት አራዊት ምን ያህል ሰላም እንደሚያገኙ ነው። በመጽሐፍ ውስጥ ውሻ በክፉ የሚጠቀስባቸው ቦታዎች መኖራቸው እውነት ነው፤ ዳሩ ግን እነዚያ ተግሣጾች የሰውን ክፋት በምሳሌ የሚናገሩ እንጂ እንስሳውን ለመደብደብ ፈቃድ የሚሰጡ አይደሉም።

ሁለተኛው ጥያቄ ይከብዳል። ሰው እየተራበ ውሻ መቀለብ እንዴት ይቻላል? ይህን ጥያቄ ልናቃልለው አይገባም። በደጃችን የቆመውን ነዳይ እያባረርን ለውሻችን ሥጋ የምንገዛ ከሆነ ፍርዱ በራሳችን ላይ ነው። ነገር ግን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ያለውን የባለጸጋውንና የአልዓዛርን ታሪክ እናስተውል። አልዓዛር በደጁ ተኝቶ ሳለ ባለጸጋው አላየውም፤ ቁስሉን ሊልሱ የመጡት ውሾች ነበሩ። አልዓዛርን ያስራበው ለውሾች የተሰጠ ፍርፋሪ ሳይሆን የባለጸጋው ልብ መድረቅ ነው። በእንስሳ ላይ የሚጨክን እጅ ለነዳይ ሲዘረጋ እምብዛም አናይም። ርኅራኄ ከአንዱ ተቀንሶ ለሌላው የሚሰጥ ስፍር አይደለምና። ሆኖም አቅማችንን ሳናውቅ አራት አምስት ውሻ ሰብስበን ሁሉንም ከምናስርብ አንዱን በሚገባ ማሳደግ ወይም ጨርሶ አለመያዝ ይሻላል።

አደራው በተግባር

እንግዲህ ውሻ ወይም ድመት የያዘ ወጣት ሊፈጽማቸው የሚገቡትን እንዘርዝር።

1ኛ/ ከመያዛችን በፊት ማሰብ። ውሻ ከ10 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል፤ ድመትም ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። ዛሬ የ15 ዓመት ልጅ የሚይዘው ቡችላ ልጁ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ እስኪይዝ ድረስ አብሮት ይኖራል ማለት ነው። ቡችላ ስምንት ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ መለየትም የለበትም።

2ኛ/ ምግብ። በየቤታችን ለውሻና ለድመት የሚሰጠው የወጥ ትራፊ ነው። ነገር ግን ሽንኩርት የውሻንም የድመትንም ደም ስለሚጎዳ ወጥ የነካው እንጀራ የዘወትር ቀለባቸው ሊሆን አይገባም። በጾም ወራትም ልብ ልንል የሚገባን ነገር አለ። የነነዌ ሰዎች በችግራቸው ጊዜ እንስሶቻቸውን ከእነርሱ ጋር አጹመዋል፤ ያ ግን የጭንቅ ቀን አዋጅ ነበር። የዐቢይ ጾም 55 ቀን የተሠራው ለእኛ ነው እንጂ ለድመት አይደለም። ድመት በተፈጥሮዋ ሥጋ በል ናት፤ ከእንስሳት ሥጋ የምታገኘው ንጥረ ነገር ለረጅም ጊዜ ከጎደለባት ዓይኗ ይታወራል፣ ልቧም ይታመማል። እኛ በፈቃዳችን ስንጾም እርሷን ያለ ፈቃዷ ማሳመም ጽድቅ አይሆንልንም።

3ኛ/ የበዓል እርድ። በፋሲካና በገና በግ ወይም በሬ ሲታረድ ውኃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ ለውሻ መወርወር የተለመደ ነው። ያ የውኃ ከረጢት የትል እጭ የያዘ ነው። ውሻው ጥሬውን ሲበላ ትሉ በአንጀቱ ያድጋል፤ እንቁላሉም ከዓይነ ምድሩ ወጥቶ በእጅ፣ በውኃና በአትክልት በኩል ወደ ሰው ይገባል። በሰው ጉበትና ሳንባ ላይም ያው ከረጢት ያድጋል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን የሆድ ዕቃ ማቃጠል ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ መቅበር ይገባል። ውሻውም የትል መድኃኒት በየጊዜው ያስፈልገዋል።

4ኛ/ ክትባት። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ሰውም እንስሳም የሚድንበት መንገድ የለም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሞቱ ይገመታል፤ ከመቶ 99ኙ በሽታው የደረሰባቸው ከውሻ ነው። በሽታው አለበት ተብሎ በሚጠረጠር እንስሳ ከሚነከሱት ከመቶ 40ዎቹ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ሉዊ ፓስተር የመጀመሪያውን የሰው ክትባት እ.ኤ.አ. በ1885 የሰጠውም ለ9 ዓመት ልጅ ነበር። ስለሆነም ውሻችንንና ድመታችንን በየጊዜው ማስከተብ የጎረቤትን ልጅ ከሞት ማዳን ነው። የተነከሰ ሰው ካለ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ጠበል መጠመቅ ክትባቱን መተው ማለት አይደለም። ሐኪምንም መድኃኒትንም የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ያስተምረናልና።

5ኛ/ ማሰቃየትን መተው። ውሻ ይክፋ ተብሎ ጆሮውን በምላጭ መቁረጥ፣ በአጭር ሰንሰለት ዓመቱን ሙሉ ማሰር፣ ቀን በጨለማ ሣጥን መዝጋት በብዙ ቤት ይታያል። እንዲህ ያለው ውሻ ሌባና እንግዳ የማይለይ፣ የቤቱንም ልጅ የሚነክስ ይሆናል። ጌታችን ሰዎች በሰንበት እንኳ በሬያቸውንና አህያቸውን ፈትተው ውኃ እንደሚያጠጡ ጠቅሶ ተናግሯል። ታዲያ እኛ ከቅዳሴ ስንመለስ ውሻችንን ፈትተን ውኃ ብናጠጣው ምን ይከብደናል?

6ኛ/ ብዛታቸውን መቆጣጠር። ውሻ ለሁለት ወር ያህል አርግዛ ብዙ ቡችሎች ትወልዳለች፤ ድመትም እንዲሁ። ወልደው ከሚጣሉ በእንስሳት ሐኪም እጅ እንዳይወልዱ ማድረግ ይሻላል። በየመንገዱ የተመረዘ ሥጋ መጣል ውሾችን በሥቃይ ይገድላል እንጂ በሽታውን አያጠፋም። በሽታውን የሚገታው ቢያንስ ከመቶ 70ውን ውሻ መከተብ እንደሆነ የጤና ባለሙያዎች ያስረዳሉ።

የአንዱ ቸልተኝነት ለሌላው

አንድ ያልተከተበ ውሻ ጉዳቱ እስከ የት እንደሚደርስ ከሀገራችን ምሳሌ እንጥቀስ። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ከፍተኛ ተራሮች ብቻ የሚገኝ ሲሆን ቁጥሩም በጥቂት መቶዎች የሚቆጠር ነው። በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1991፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 ከሰው ውሾች የተዛመተ የእብድ ውሻ በሽታ ብዙዎቹን ገድሏል፤ በ2003ቱ ወረርሽኝ ብቻ በሽታው በደረሰበት ሸለቆ ከነበሩት ሦስት አራተኛ ያህሉ አልቀዋል። ውሾቹ ያደረጉት ክፋት የለም፤ የጎደለው የባለቤቶቻቸው ክትባት ነው። እግዚአብሔር ለሀገራችን ብቻ በአደራ የሰጣትን ፍጥረት በቸልታ ብናጠፋ ለልጆቻችን ምን እንመልሳለን?

እንግዲህ ውድ ወንድሞችና እኅቶች፣ የተናገርነው በወረቀት ላይ ብቻ እንዳይቀር አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ውሻና ድመት ያለን የሰንበት ትምህርት ቤቱ አባላት ስማችንን አስመዝግበን በአንድ ቀን በአንድነት ወደ እንስሳት ክሊኒክ ወስደን እናስከትብ፤ ክፍያው ለከበደው እኛው አዋጥተን እንሸፍን። ቡችላ መግዛት ያሰበ አባል ደግሞ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት በቅጥራችን ሥር ከተጣሉት አንዱን ያንሣ። ሕፃናት ክፍል የምናስተምርም ልጆች በድንጋይ ውሻ ሲመቱ ዝም ብለን አንለፍ፤ በዚያ ዕድሜ የተለመደ ጭካኔ በኋላ ወደ ሰው ይዞራልና።

ውሻ የጌታውን ድካም ሳይቆጥር ሌሊቱን ሙሉ ይጠብቃል። ደመወዙም ፍርፋሪ ነው። በጥቂቱ የታመነ በብዙ ላይ እንደሚሾም ከጌታችን ተምረናል፤ ከጥቂቶቹም ጥቂት የሆነችው ይህች አደራ በእጃችን ናት። መናገር የማይችለውን ፍጥረት በታማኝነት እንድንጠብቅ ልዑል እግዚአብሔር ማስተዋልን ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።